የኋላ ወንበር ደወል

«መኪናዋማ ምን ነበረባት፤ ያበላሿት ሽማግሌው ናቸው» አለ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ባል፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ የጫማውን ክር እያሰረ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ቤቱ ግን ድምፅ የሚደበቅበት ቤት አይደለም፤ ሁለት ክፍል ነው፣ መሃሉ በጣውላ የተከፈለ፣ ሳሎን ያነጠሰ ሰው ከመኝታ ቤት «ይማርህ» የሚባልበት። ልብስ ሰፊዋ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ስር፣ የስፌት ማሽኗ ፊት እንደተቀመጠች እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። በመስኮቱ በኩል ባሏ ይታያታል። ባልዲውን እግሩ ስር አድርጎ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ መኪናዋን ያጥባል። «ሽማግሌው» የሚለው ቃል ሲደርሰው እጁ ኮፈኑ ላይ ቆም አለ። ከዚያ ጨርቁን ጨመቀና እዚያው አሁን ያጠበው ቦታ ላይ እንደገና ማሸት ጀመረ።

«አዎ፣ ሞተሯ ንጹሕ ናት» ቀጠለ አማቹ በስልክ። «ስትመጣ ሞተሯን ነው የምታየው። ሌላውን አትየው።»

ሌላው የሚባለው የዘጠኝ ዓመት ሥራ ነው። ባሏን በሠፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም ሰው አሥራ ሰባት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ በተሰጠው ገንዘብ ይህቺን ትንሽ ነጭ መኪና ገዛ። የመጀመሪያው ሳምንት ወገቡን ይዞ ነው የገባው። «መሬት ላይ ተቀምጬ የምነዳ ነው የሚመስለኝ፤ ከፊቴ ያለው መንገድ አይታየኝም፣ የሰው ቀበቶ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለ። በዚያው ዓመት አውቶቡሱም እንደሱ ጡረታ ወጥቶ በድርጅቱ ግቢ ይበለት ነበርና፣ የድሮ ባልደረቦቹ ዕቃውን በኪሎ ሸጡለት። መጀመሪያ ወንበሩ መጣ፤ ስፕሪንግ ያለው፣ ሲቀመጡበት ተንፍሶ የሚወርድ የሹፌር ወንበር። ከዚያ መሪው መጣ፤ ትሪ የሚያክል። ከዚያ ሁለት ጆሮ የመሰሉ ስፖኪዮዎች መጡ። በመጨረሻ የአውቶቡሱ ክላክስ መጣ፣ እሱ ደግሞ ያለ አየር ስለማይጮህ ኮምፕሬሰርና የአየር ቦምቦላ ተከትለውት መጡ፤ የኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ዘንቢል እንኳ አይቀበልም። ዕቃው ርካሽ ነበር። ውድ የሆነው መግጠሙ ነው። መሪውን ከመኪናዋ ጋር የምታገናኘው አንድ ጭብጥ የምታክል ብረት ቶርኖ ቤት ሦስት ጊዜ ተሠርታ፣ ሦስት ጊዜ ተበላሽታ፣ የአንድ ወር ጡረታ በልታለች። «ይሄስ ስንት ነው?» ትለው ነበር ልብስ ሰፊዋ በየጊዜው። «ትንሽ ነው» ይላል። እሱ ትንሽ ሲል ምን ያህል እንደሆነ የምታውቀው ወሩ ሃያ ሲሆን፣ የአስቤዛው ገንዘብ ሲያልቅ ነው።

ሰው ይስቅ ነበር፣ መሳቁም ልክ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ልማዱ ነው። ያ ወንበር ላይ ከተቀመጠና ያን መሪ ከጨበጠ እጁ ራሱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ይወስደዋል። ማቆሚያ ባየ ቁጥር ጥግ ይይዛል፣ ቆም ይላል፣ በስፖኪዮው ያያል፣ ይነሳል። አንድ ቀን ሁለት ዘንቢል ሽንኩርት የያዘች ሴት በሩን ከፍታ ገባችና ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተደላድላ ተቀመጠች። «ትኬት ስንት ገባ?» አለች። እሱም ውረጂ አላላትም። የት እንደምትወርድ ጠይቆ፣ እዚያው አድርሷት፣ ዘንቢሏንም አውርዶላት ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ሥራ ፈትታ ነበርና እስከ ማታ ሳቀችበት።

አሁን ግን መኪናዋ ልትሸጥ ነው። ምክንያቱ ሱቁ ነው። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለው የሱቆች መደዳ፣ ሰዓት ጠጋኝ የለቀቀው ሱቅ፤ ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ቁመቱ አራት፣ ከፊቱ ሙሉ መስታወት። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት በመኝታ ቤት ሰፍታለች። ደንበኛ ሲመጣ አልጋው ይሸፈናል፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ ሴትዮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚስ ስትለካ አሥራ ሰባት ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፤ ዝናብም ቢሆን። ከአሥር ቀን በፊት ሱቁን አይታ መጥታ ወርዱንና ቁመቱን ብቻ ነገረችው። እሱም እራቱን በልቶ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ፎጣውን ቦታው መልሶ ሰቅሎ፣ «መኪናዋ ትሸጥ» አለ። ተከራከረችው እንዳይባል አልተከራከረችውም፤ አመሰገነችው እንዳይባል አላመሰገነችውም። የሱቁ ባለቤት መቶ ሰማንያ ሺህ የቁልፍ ይፈልጋል፣ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ ስልክ ጠጋኝ ይገባበታል።

አሥራ ሰባት እጁን በሱሪው እያደረቀ ገባ። «ተነሺ እንጂ፤ ሰውየው ይጠብቃል።»

«ሰማኸው?» አለችው በአገጯ ወደ ጣውላው እያመለከተች።

«ማንን?»

«እሱን ነዋ።»

«ልጅ ነው» አለ አሥራ ሰባት። «ሒሳብ ይወዳል።»

እውነትም አማቹ ክፉ ልጅ አይደለም። በግንባታ ዕቃ መደብር ገንዘብ ያዥ ነው፤ ቁጥር ሲሳሳት ያመዋል። ገዢውን ያገኘውም እሱ ነው፣ ለዚሁ ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ነው የመጣው። መኪናዋ ውስጥ ከፊት ገባና የተቀመጠበትን እያስተካከለ፣ «አባባ፣ አይቆጡኝና፣ እኔ ሌሊት አሰላሁት። እዚህ ላይ ባፈሰሱት ሌላ መኪና ይገዛ ነበር። ሙሉ እንኳ ባይሆን ግማሽ» አለ። አሥራ ሰባት ማርሽ አስገባ። «ግማሽ መኪና ምን ያደርግልኛል?» አለው። አማቹ ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ከኋላ ነው የተቀመጠችው፣ ልክ ከሹፌሩ ጀርባ። ሰው ሹፌር ቀጥረሻል ወይ ይላታል። ነገሩ የቆየ ነው፤ ገና ልጅ ሳለች በልብስ ፋብሪካ ስትሠራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሰባት ቁጥርን ትሳፈር ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ትቀመጣለች፤ የምታውቀው ማጅራቱን ነው፣ እሱም የሚያውቃት በስፖኪዮ ነው። አንድ ቀን ደወሉን ሳትጫን ቀረች፣ እሱም ማቆሚያዋ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። መኪናዋን የገዛ ጊዜ ከፊት ግቢ ብሏት ገብታ ነበር፣ ሁለቱም አልተመቻቸውም። ጎን ለጎን ሆነው የሚያወሩት ጠፋቸው። በሦስተኛው ቀን ወደ ኋላ ሄደች። እሱም በሳምንቱ ከበሯ አጠገብ፣ እጇ በሚደርስበት፣ ተራ የቤት በር ደወል ገጠመላት። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ቁም ነው፣ ሁለት ጊዜ ሂድ። ከተለወጠው ሁሉ ስንት ነው ብላ ያልጠየቀችው እሱን ብቻ ነው። ተኮራርፈው ሦስት ቀን አራት ቀን በማይነጋገሩበት ጊዜ እንኳ ደወሉ ይሠራል። ገበያ ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ትጫናለች፣ ይቆማል። ገዝታ ትመለሳለች፣ ሁለት ጊዜ ትጫናለች፣ ይሄዳል። ኩርፊያው አልተነካም፣ ሽንኩርቱም ተገዝቷል።

ጋራዡ ግቢው በዘይት የጠቆረ ነው፤ ጥግ ላይ ሬዲዮ ያወራል፣ ማንም አይሰማውም። ገዢው ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ጫማው የሚያበራ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት፤ እናቱን ይዞ መጥቷል። እናቱ ቀጭን ሴትዮ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ለሕክምና የሚያመላልሳቸው መኪና ነው የሚፈልገው። መካኒኩ በርጩማ ሰጣቸውና ጥላ ስር ተቀመጡ። መካኒኩ ራሱ ከወንበሩና ከክላክሱ በስተጀርባ ያለ ሰው ነው፤ ዕቃውን የገጠመው እሱ ነው፣ ያን ጊዜ ገንዘቡን ተቀብሏል። ዛሬ ደግሞ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ እየዞረ ይገምታል። «መሪው ዜሮ» ይላል። «ወንበሩ ዜሮ። ስፖኪዮው... እሱም ዜሮ።» ልብስ ሰፊዋ እጇን አጣምራ ታየዋለች። የገጠመበትን የበላ ሰው የመንቀያውንም ሊበላ እንደሆነ ገብቷታል። ባሏ ግን ከመካኒኩ ጋር አብሮ ይዞራል፣ በየዜሮው ራሱን ይነቀንቃል፤ የሰው መኪና ነው የሚያስገምተው የሚመስለው።

ፀጉር አስተካካዩ ገባና ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ተነፈሰ። ጭንቅላቱ ጣሪያውን ነካ፣ መሪው ሆዱ ላይ ዐረፈ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይነዱበታል ወይስ ይበሉበታል?» አለ። ከዚያ ክላክሱን ተጫነ። ከግቢው ውጭ በእግረኛ መንገድ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ ወደ ግድግዳው ዘለሉ፤ ብየዳ ላይ የነበረው ሰው መነጽሩን አውልቆ መንገድ ለቀቀ። ሁሉም ሳቁ። አሥራ ሰባት ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሰው ሲያየው ቶሎ ብሎ ወደ መሬት አየ።

«አይከፉብኝ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሲወርድ። «ሞተሯን ወድጄዋለሁ፤ እንደ ሰዓት ናት። ግን እኔ የምፈልገው መኪና ነው። ይቺ አውቶቡስ ወልዳ ያሳደገቻት ነው የምትመስለው። እንዳለች ከሆነ መቶ ሠላሳ። ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጋችሁ ካመጣችሁልኝ፣ በገዛ መሪዋ፣ በገዛ ወንበሯ፣ መቶ ሰማንያ አምስት። ገንዘቡ እዚሁ ነው።»

«የድሮው ዕቃ የታለ?» አለ መካኒኩ። «የዚህች ሞዴል ዕቃ አሁን ገበያ ላይ አይገኝም። ቢገኝም የቀረውን ሒሳብ ይበላዋል።»

አሥራ ሰባት በእግሩ ጫፍ አንድ ብሎን ገፋ። «አሮጌ ብረት ገዢ ወሰደው» አለ። «ስነቅለው እሷ ለብረት ገዢው ሰጥቻለሁ ብላኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እስከዛሬ ምጣድ ሆኗል።»

አማቹ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር መደመር ጀመረ፣ ከዚያ መልሶ ከተተው። መቶ ሠላሳ የት፣ መቶ ሰማንያ የት። ልብስ ሰፊዋ የዘይቱን ኩሬ እያየች ቆመች። የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ መስታወት ታያት፤ ከውስጥ የተሰቀለ ቀሚስ፣ ከውጭ የቆመች ሴት። አንድ ቃል ብትናገር ሱቁ የሷ ነው። ያን አንድ ቃል ከተናገረች ደግሞ ባሏ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብራው እየተሳፈረች፣ በክላክሱ እየሳቀች፣ ከኋላው ተቀምጣ በደወሉ ቁምና ሂድ እያለችው፣ ከጀርባው የምታደርገውን ሊያውቅ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። መኪናዋም አትሄድም።

«ብረት ገዢ አልወሰደውም» አለች። «ቤት አለ።»

አሥራ ሰባት ቀና ብሎ አያት። ቁልፉን ከመካኒኩ እጅ ተቀብሎ ወደ መኪናዋ ሄደ።

አማቹን እዚያው ትተው ሁለቱ ብቻ ወደ ቤት ተመለሱ። ስፖኪዮው ውስጥ ዓይኑን ስትፈልግ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። አራት ማቆሚያ አለፉ፣ አንዱም ጋ ጥግ አልያዘም፣ ቀጥ ብሎ ነዳ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራችው። ጣቷን ደወሉ ላይ አድርጋ ነበር፤ ግን ምን ልትለው? ቁም ብትለው የት ያቆማል፣ ሂድ እንዳትለው እየሄደ ነው። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ቤት ገብታ ተንበረከከችና ከአልጋው ስር የቆርቆሮውን ሳጥን ጎትታ አወጣች። እሱ በሩ ላይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ላዩ ላይ ያለውን የብትን ጨርቅ አነሳች። ከስሩ መሪው በትራስ ልብስ ተጠቅሎ፣ ስፖኪዮዎቹ በልጇ የድሮ ሹራብ እጅጌዎች ገብተው፣ ትንሿ ክላክስ በፎጣ ተጠቅልላ። ብረቱ ሁሉ የስፌት ማሽን ዘይት ተቀብቷል፤ ዝገት የሚባል የለበትም። በየዕቃው ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ፣ ለደንበኛ ልብስ የምታስረው ዓይነት። አሥራ ሰባት መነጽሩን አውጥቶ አጎነበሰና አንዱን አነበበ። «ዕቃ፦ መሪ። ባለቤት፦ አሥራ ሰባት። የገባበት ቀን፦» ከዚያ ቀኑ አለ። «የሚወሰድበት ቀን፦» የሚለው ባዶ ነበር። ሁሉም ላይ ባዶ ነበር።

«ወንበሩስ?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት ማሽኗ ሄደች። ፊቱ ያለውን መቀመጫዋን፣ በአበባ ጨርቅ የተሸፈነውን፣ ዙሪያውን ክሩን በምላጭ ተረተረችና ጨርቁን ገፈፈችው። ከስሩ ግራጫው የመኪና ወንበር ወጣ፤ በእንጨት እግሮች ላይ የተመታ።

አሥራ ሰባት ለረጅም ጊዜ አየው። «ዘጠኝ ዓመት» አለ። «ጠዋት ጠዋት እዚህ ላይ ተቀምጬ ነው ካልሲ የማጠልቀው።» ከዚያ ሳቅ ያዘው፤ አልጋው ጫፍ ላይ እስኪቀመጥ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እሷም መሳቅ ጀመረች፤ ግን እሱ ቀድሞ አቆመ።

«እንዲያው ከመጀመሪያውም አንድ ቀን እንደምትሸጥ ታውቂ ነበር ማለት ነው» አለ። «እኔ እዚያ ቶርኖ ቤት ስመላለስ አንቺ እዚህ ታስሪያለሽ። አላመንሽበትም።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ምላጩ አሁንም እጇ ላይ ነው። «ሰፊ ቀሚስ ሳጠብብ ትርፉን ጨርቅ ቆርጬ ስጥል አይተኸኝ ታውቃለህ?» አለች። «ወደ ውስጥ ነው የማጥፈው። ሴትዮዋ ያምርባታል፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች። በዓመቱ ትወፍራለች፣ ወይ ትወልዳለች፣ ወይ ለእህቷ ትሰጠዋለች፣ ያን ጊዜ እተረትረዋለሁ። የቆረጥኩ ቢሆን ልብሱ አለቀለት። ያጠበብኩት ግን አምኜ ነው፣ ያጠበብኩላት ስለሚያምርባት ነው። አንተም ያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ያምርብህ ነበር።» ምላጩን አልጋው ላይ አኖረችና፣ «ብነግርህ ደግሞ ትሸጠዋለህ። ለቶርኖው» አለች።

ተነስቶ ወንበሩን ገለበጠውና የእንጨቱን እግሮች ምስማር በፒንሳ መንቀል ጀመረ። አራተኛውን ሲነቅል ቀና ሳይል፣ «መቀመጫ አጣሽ ማለት ነው» አለ። ይቅር እንዳላት በዚያ አወቀች።

መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። እያንዳንዱ ዕቃ በቦታው ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየፈታች ኪሷ ከተተችው። ትልቁ መሪ፣ ስፖኪዮዎቹ፣ ቦምቦላው፣ የአውቶቡሱ ወንበር ግድግዳው ስር ተደረደሩ። አሥራ ሰባት ለመሞከር ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ አልተነፈሰም፤ ሰውየው ግን ወረደ። ከመስኮቱ ጠርዝ በላይ የሚታየው ከአፍንጫው ወደ ላይ ነው። የማያውቁት ሰው፣ ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ መሰለ። ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች።

«ይሄ ሽቦ ምንድነው?» አለ መካኒኩ ከኋላ በር በኩል ጎንበስ ብሎ። «ረስቼው። ልንቀለው።»

«ቆይ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። የፀጉር አስተካካዩ እናት ወንበሩን ሊሞክሩ ከኋላ ገብተው ተቀምጠዋል። ደወሉን አንድ ጊዜ ተጫኑት። አሥራ ሰባት ቀኝ እግሩ ሳያስበው ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ሞተሯ ጠፍቶ የቆመች ናት።

«ምን ይሠራል?» አሉት።

«እናቴ፣ አንድ ጊዜ ከሆነ ቁም ነው። ሁለት ጊዜ ሂድ።»

«ስንት ነው?»

አሥራ ሰባት አሰበ። «ኧረ እሱ ዋጋ የለውም። የበር ደወል ነው።»

«እንግዲያው ተዉልኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ይሄ ልጅ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ደግሞ እያወራ ነው የሚነዳው። ድምፄ አይደርሰውም። ባለፈው በሰው መኪና ስንሄድ ጉልበቴን አሞኝ ቁም እያልኩት ሦስት መንገድ አለፈ።»

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፋ። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ሲል ይኸ የመጀመሪያው ነው። አሥራ ሰባት ጠራውና ጎኑ አስቀምጦ አስተማረው፤ ደወሉን ሲሰማ እንዴት መጀመሪያ ስፖኪዮውን እንደሚያይ፣ እንዴት ጥግ እንደሚይዝ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ እስኪጫን ድረስ መቼም መቼም እንዳይነሳ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳው ስር ቆማ ታያለች። ሴትዮዋ ጣታቸውን ደወሉ ላይ አድርገው እንደ ልጅ ይጠብቃሉ። ስለ መሪው፣ ስለ ወንበሩ ምንም አልተሰማትም ነበር፤ በዚህች የበር ደወል ግን ቀናች። ከዚያ አፍራ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለችና፣ «ጠንከር አድርገው ይጫኑት እማማ፤ አንዳንዴ ይይዛል» አለቻቸው።

አማቹ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ለአማቱ አስረከባትና ወደ ሥራው ሄደ። ሊሄድ ሲል አሥራ ሰባት ጋ ቀረብ ብሎ፣ «አባባ፣ ጠዋት ስልክ ላይ ያልኩት...» አለ። «ሒሳብህ ልክ ነው» አለው አሥራ ሰባት ትከሻውን እየመታ። «ተሳስተሃል አላልኩህም።»

የአውቶቡሱን ወንበር መካኒኩ ነገ በጋሪ ሊልክላቸው ተስማሙ። ሌላውን አሥራ ሰባት እንደ ብረት ተወው። መሪውን ግን አልተወውም፤ ክንዱን አሾልኮ ትከሻው ላይ አንጠለጠለውና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። አሥራ ሰባት ቁጥር መጣ። ሹፌሯ ወጣት ሴት ናት። በሩ ሲከፈት መሪ የተሸከመ ሽማግሌ ሲገባ አይታ፣ «ጋሼ፣ የኔውን አላመኑትም?» አለችው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና፣ «መጠባበቂያ ነው ልጄ» አላት። ከሹፌሯ ጀርባ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ ልብስ ሰፊዋ ገንዘቡን የያዘ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጡ። በሕይወቱ ሙሉ እዚህ አውቶቡስ ላይ ወንበር ይዞ ተሳፍሮ አያውቅም። እግሩ አላረፈም፤ ሹፌሯ ፍሬን ስትይዝ እሱም ይይዛል፣ ጥግ ስትይዝ ትከሻው አብሮ ያዘነብላል። አንዴ ዘግይታ ስትይዝ ከንፈሩን መጠጠ። «ተዋት» አለችው ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ። «ጥሩ ናት» አለ፤ «ብቻ ስፖኪዮዋን አታይም።»

ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ የብረቱ ምሰሶ ላይ ያለውን ደወል አንድ ጊዜ ተጫነች።

«ቤታችን ገና ሁለት ማቆሚያ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው። «ሱቁ እዚህ ነው።»

ሹፌሯ ጥግ ያዘች። መጀመሪያ እሱ ወረደ፣ መሪው በሩ ላይ ተጋጨና ዞር ብሎ አወጣው፤ ከዚያ እሷ ወረደች። አውቶቡሱ አልተነሳም፤ ሹፌሯ በመስታወት የመሪውን ሽማግሌ እያየች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለችና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችው። ተነሳ።

የሱቁ ባለቤት ገንዘቡን ቆጥሮ ቁልፉን ሰጣት። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰዓቶቹ ተሰቅለውበት የነበረው ቦታ በየክቡ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ክብ ጋ አሥራ ሰባት መሪውን አስጠግቶ ለካው። «መስታወት ቢገባበት» አለ። «ደንበኛ ራሷን ታይበታለች።» ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ የሚቀመጥበትን ቦታ በእርምጃ ትለካለች። «ወንበሩም ነገ ይመጣል» አለ። «እግር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንቺ ስትቀመጪበት ይወርዳል፣ ስትነሺ ይነሳል፤ ወገብሽን አያምሽም።»

«ስንት ነው?»

«ትንሽ ነው።»

ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ሲከፍተው ሲዘጋው ቆየ፣ ማጠፊያውን በጣቱ ነካ፣ የበሩን ቁመት በስንዝር መለካት ጀመረ፤ ስንዝሩ ላይ ስንዝር እየደረበ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ኪሷ ውስጥ የተከተተውን የወረቀት ክምችት በጣቷ ዳበሰች። ጀርባቸው ገና አልተጻፈበትም።

«የምትነቅለውን እንዳትጥለው» አለችው። «ለኔ ስጠኝ።»